ለሥራው ብቁ አይደለም

የወንድሜን ሥራ የሚፈልግ የአገር ሰው እንደሌለ ይረጋገጥ አሉን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አልፈለገውም። ከድልድዩ በታች ያለው የፖልዲ የቆዳ ማልፊያ ክረምት ከበጋ ይሸታል፤ የከተማችን የሮተናው ሰው ድልድዩን የሚሻገረው አፍንጫውን ይዞ ነው። የትምህርት ቤት ልጆች ስለዚያ ሽታ የሚዘፍኑት አንድ ባለጌ ዘፈን አለ። እኔ ራሴ በዘጠኝ ዓመቴ ከቦስኒያ ስመጣ የመጀመሪያ የጀርመንኛ ቃሎቼን የለቀምኩት ከዚያ ዘፈን ነው። ይህ ሁሉ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፈው የኖረውን ሥራ አንድ የውጭ ሰው «ልሥራው» ሲል ግን ሥራው በአንድ ጊዜ የኦስትሪያ ሀብት ሆኖ ተገኘ።

ሕጉ ቀላል ነው። አንድ አሠሪ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው ልቅጠር ብሎ ሲያመለክት፣ የሥራ ቢሮው መጀመሪያ ድጎማ ከሚቀበሉት ሥራ አጦች መካከል ለቦታው ይሆናሉ የሚላቸውን ይልክለታል። ከነሱ የሚሆን ከጠፋ ብቻ የውጭው ሰው ማመልከቻ ይታያል። ሕጉን አልቃወምም። ሥራ የሚፈልግ ጎረቤት ካለ ይቅደም። የምቃወመው በሕጉ ላይ የሚጫወቱትን ጨዋታ ነው።

ወንድሜ ራሲም አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ እናቴ እኔን ይዛ ወደዚህ ስትሸሽ እሱ ከአባታችን ጋር ቪሶኮ ከተማ ቀረ። በአሥራ አራት ዓመቱ የቆዳ መፋቂያ ጨበጠ፤ ከዚያ ወዲህ ከቆዳ በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም። ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ከሁለት ዓመት በፊት ተዘጋ። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ እዚያው ናቸው። አምና ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ ፖልዲ ግቢ ይዤው ገባሁ። ገመድ ላይ ከተሰጣው ቆዳ አንዱን አነሣ፣ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገና አሸተተው።

«የዓሣ ዘይቱ አርጅቷል በይው» አለኝ።

ነገርኩት። ፖልዲ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ ቀኝ ትከሻው አልታዘዝም ብሎታል። የሚያለፋው የአጋዘን ቆዳ ነው፤ የዚህ አገር ወንድ በየበዓሉ ለብሶት ለሚንጎራደደው የቆዳ ሱሪ የሚሆነውን። በወረዳው ሁሉ በዓሣ ዘይት የሚያለፋ ሌላ ሰው የለም። ዓይኑን ወንድሜ ላይ ተክሎ፣ «ይሄን ሰውዬ ስጪኝ» አለ።

የቦስኒያ ሰው ያለ ቪዛ ዘጠና ቀን መቀመጥ ይችላል። መቀመጥ፤ መሥራት አይደለም። ራሲም በግንቦት መጥቶ እኔ ቤት ገባ፤ ፖልዲ አመለከተ፤ እኛም ጠበቅን። በአርባ አንደኛው ቀን ደብዳቤው መጣ። ለራሲም እየተረጎምኩ አነበብኩለት። «ለቦታው ሦስት እጩዎች ተልከዋል። አሠሪው ሦስቱንም 'ለሥራው ብቁ አይደለም' በማለት ያለ በቂ ምክንያት መልሷቸዋል። ስለዚህ ቦታው በአገር ውስጥ ሠራተኛ ሊሞላ ስለሚችል ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል።»

«ሦስት ሰው መጥቶ ነበር እንዴ?» አልኩት። ራሲም ቀኑን ሙሉ ፖልዲ ግቢ ተቀምጦ ሲያይ ነው የሚውለው።

ትንሽ አሰበና «አንድ ወፍራም ሰውዬ መጥቶ ነበር» አለ። «ከፖልዲ ጋር ቢራ ጠጡ፣ ተሳሳቁ፣ ሄደ። ጓደኛው መስሎኝ።»

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ድልድዩ ወረድኩ። ፖልዲ ኖራ የበላውን ሽርጡን ታጥቆ ቆዳው ከሚነከርበት የኖራ ገንዳ አጠገብ ቆሟል።

«ፖልዲ፣ ሦስቱንም ብቁ አይደሉም ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ምን ሆነ?»

«ለምን?»

«ለምን ማለት ምንድን ነው? ሁልጊዜ የምንጽፈው እሱን አይደል እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ አጡ ከቢሮው ቅጽ ይዞ ይመጣል። «እባክህ ያቺን ነገር ጻፍልኝ» ይላል። አሠሪው ብቁ አይደለም ብሎ ይጽፍለታል። አብረው አንድ አንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ፤ ሰውዬው ድጎማው ሳይነካ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሮተናው ውስጥ ይህ እንደ ሰላምታ ነው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ይጽፋል፣ እንጨት ሰንጣቂው ይጽፋል፣ አባቶቻቸውም ሲጽፉ ኖረዋል። አልጽፍም ያለ ሰው በከተማው ታሪክ የለም።

«ራሲም ያየው ያ ወፍራሙ ጌርኖት ሥራውን አልፈልግም ብሎ ነው የሄደው?» አልኩ።

ፖልዲ ሳቀ። «ማን ይፈልገዋል ልጄ? አፍንጫ የለሽም?»

«ታዲያ አልፈልግም አለ ብለው ለምን አልጻፉም?»

ቤት አቃጥል ያልኩት ያህል አፈጠጠብኝ። «እሱን ከጻፍኩማ ድጎማውን ስድስት ሳምንት ይቆርጡበታል! ሦስት ልጅ አለው እኮ!»

«ራሲምስ?»

«ራሲም ምን ሆነ? ራሲምንማ እፈልገዋለሁ ብዬ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌለታለሁ!»

ደብዳቤውን ዘርግቼ አንድ በአንድ አነበብኩለት። ቃሉ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ለጌርኖት የጻፈው ነገር ከራሲም ጋር ይገናኛል ብሎ አንዲት ቅጽበት አላሰበም። ለሱ አንዱ የጎረቤት ጉዳይ ነው፣ ሌላው የመንግሥት ወረቀት። በገዛ እጁ የሚፈልገውን ሠራተኛ ከአገር አስወጥቶ፣ ቢራውን ጠጥቶ፣ ደግ ሰው ነኝ ብሎ ተኝቷል።

«ቢሮ ሄደው ያርሙት» አልኩ። «ሦስቱም ሥራውን አንፈልግም ብለዋል ይበሉ።»

ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም። ሦስቱም የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ጓዶቼ ናቸው። አሥራ ስምንት ዓመት የመራሁት ቡድን ነው። እኔ እዚህ ነው የምኖረው ልጄ።»

«እኔስ የት ነው የምኖረው?»

«አንቺማ... አዎ... ግን...»

ያችን «ግን» እስኪጨርሳት ጠበቅኩት። አልጨረሳትም። ሃያ ሰባት ዓመት እዚህ ከተማ ኖሬያለሁ፤ የልጆቻቸው የጀርመንኛ መምህር እኔ ነኝ፤ የገዛ ቋንቋቸውን ፊደል አስቆጥሬላቸዋለሁ። አሁንም የምኖረው እዚያች «ግን» ውስጥ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው የዚያን ቀን አንተ አልኩት።

«ስማኝ። ሦስት ጊዜ በፊርማህ ዋሽተሃል። ምርጫ ልስጥህ። ወይ እንደገና ታመለክታለህ፤ በዚህኛው ዙር የሚልኩልህን ሰው ሳትመልስ ትቀጥረዋለህ። ወይ እኔ ይግባኝ እጽፋለሁ፤ የአንተን ቅጽ ብቻ ሳይሆን የወፍጮ ቤቱንም የእንጨት ሰንጣቂውንም እዘረዝራለሁ። መጻፍ እንደማልቸገር ታውቃለህ።»

ሳል ያዘው፤ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተደግፎ እስኪያባራለት ቆየ። «ቀጥሬው ሥራውን ከወደደውስ?»

«ከወደደውማ ራሲም ይሄዳል። እኔም አፌን እዘጋለሁ።»

ይህን ያልኩት ከልቤ ነበር። ቤት ገብቼ ለራሲም ስነግረው ግን የተወራረድኩት በራሴ ሕይወት ሳይሆን በሱ እንደሆነ ገባኝ። እሱ ራት እየበላ ነበር፤ ማንኪያውን አስቀመጠና «ትክክል ነው» አለ ብቻ።

ፖልዲ እንደገና አመለከተ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእሳት አደጋ ጓዶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው መጠጥ ቤት ግቢ፣ የደረት ለውዝ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ፤ እዚያው ሄድኩባቸው። ሁሉም የቆዳ ሱሪያቸውን ለብሰዋል፤ ግማሹ ቆዳ ከፖልዲ እጅ የወጣ ነው። ጌርኖት በመካከላቸው ተንሰራፍቷል። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ የእሳት አደጋ መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው፤ ትልቋ ልጁ ተማሪዬ ናት።

«መምህርት! ልጄ ወደቀች እንዴ?» አለኝ ከሩቁ።

«ልጅህ ጎበዝ ናት። የወደቀው አባቷ ነው።»

ጠረጴዛው ሳቀ። እሱም ሳቀ። «ምን አጠፋሁ ደግሞ?»

«በሚቀጥለው ሳምንት ከሥራ ቢሮ ቅጽ ይደርስሃል። ፖልዲ ይቀጥርሃል።»

«ፖልዲማ ብቁ አይደለህም ብሎኛል፣ በፊርማው!» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «የተረጋገጠልኝ የማልረባ ሰው ነኝ። ካላመንሽ ሚስቴን ጠይቂያት።»

ሳቁ እስኪበርድ ቆምኩ። «አሁን ብቁ ሆነሃል።»

«ገባኝ። ወንድምሽ ሥራዬን ሊወስድ ነው።»

«የቱን ሥራህን?»

ሳቁ ተቆረጠ። አንዱ «ተዋት በቃ ጌርኖት» አለ። ጌርኖት ግን ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ስሚ እንግዲህ። ሃያ ሁለት ዓመት ግንድ ጭኜ ነድቻለሁ። አንድ ቀን አልቀረሁም። ድርጅቱ ሲሸጥ ቦታዬን በግማሽ ደመወዝ ለሚነዳ ሰው ሰጡት፤ ያኔ ሦስት እጩ ላኩለት ያለ ሕግ የለም። አሁን አንቺ መጥተሽ በዚህ ዕድሜዬ ቆዳ ፋቂ ሁን ትይኛለሽ። ለዚያውም ለወንድምሽ እንዲመቸው።»

ቁስሉ እውነተኛ ነው፤ አልክድም። እኔ ግን አላቆሰልኩትም፤ ራሲምም አላቆሰለውም። «ሥራውን ካልፈለግከው አልፈልግም በል» አልኩት። «አልፈልግም ብለህ ከፈረምክ እዚሁ እንጨርሰዋለን።»

«ብይዘውስ? ለክፋት ብዬ ብይዘው?»

«ያኔ ወንድሜ ወደ ልጆቹ ይመለሳል። አንተ ደግሞ በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ኖራ ገንዳ አጠገብ ትገኛለህ።»

ብርጭቆውን አነሣ። «እንተያያለን፣ መምህርት።»

ቢሮው የላከው ጌርኖትን ብቻ ነበር። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ የወገብ ሕመም ማስረጃ አመጣ፤ ሌላኛው የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍ ሥልጠና ገብቷል፤ ለሦስተኛ ጊዜ። በስልሳ ስድስተኛው ቀን፣ ሰኞ ማለዳ፣ ጌርኖት ልክ አንድ ሰዓት ላይ ድልድዩን ወርዶ ገባ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔም መጣሁ። ራሲምን ከደጁ ውጭ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። «ምንም ብታይ እንዳትነካ» አልኩት። «መፋቂያ ይዘህ አንድ ሰው ካየህ ያለ ፈቃድ ሠራህ ይባላል። ፈቃዱ መከልከሉ ብቻ አይደለም፤ ዳግመኛ አያስገቡህም።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ፖልዲ በግራ እጁ ለጌርኖት አሳየው። እርጥቡ ቆዳ ጉብ ባለ ግንድ ላይ ይነጠፋል፤ ባለ ሁለት እጀታው መፋቂያ በሁለት እጅ ተይዞ ከላይ ወደ ታች ይገፋል። ብዙ ከተጫኑት ይበሳል፤ ካልተጫኑት ሥጋው አይለቅም። ጌርኖት ጎንበስ ብሎ ጀመረ።

ጥሩ ሠራ። ይህን ልጽፈው ግድ ነው፣ ያየሁት ስለሆነ። ያ ግንድ ሲጭን የኖረ ክንድ መፋቂያውን እንደ መጥረጊያ ገፋው፤ ሥጋው በረዥሙ እየተላጠ ወረደ። አንዱን ጨረሰ። ሁለተኛውን ጨረሰ።

«እጁ ጥሩ ነው» አለ ራሲም ከወንበሩ ላይ፣ በኛ ቋንቋ። «ክርኑን ትንሽ ዝቅ ቢያደርግ...»

«ዝም በል!»

«እውነቴን ነው እኮ እታለም።»

እታለም ይለኛል! ሰውዬው እንጀራውን እየፋቀ ሲወስድበት እሱ ስለ ክርን ያወራል። ፖልዲም እየጣመው ነበር፤ ሁለተኛውን ቆዳ በጣቶቹ ዳስሶ «ኧረ ይሄ ሰው...» ሲል ሰማሁት። ጌርኖት ቀና ብሎ ላቡን ጠረገ፤ ፊቱ ላይ ለአንድ አፍታ ክፋት አልነበረም። ይይዘዋል ብዬ ደመደምኩ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ድልድዩ ላይ መኪና ቆመ። ጓዶቹ ናቸው። አራት ሆነው ወርደው መደገፊያው ላይ ተንጠላጠሉና አፍንጫቸውን ያዙ።

«ጌርኖት! ሚስትህ ዛሬ ውጭ እደር ብላለች!»

«ቦስኒያዊ ሆንክ እንዴ አንተ?»

ከዚያ ያንን የልጆች ዘፈን ጀመሩ። ጎልማሶች፣ ሆድ ያወጡ የልጅ አባቶች፣ በአራት ድምፅ። ሳቁ፣ ክላክስ ነፉ፣ ሄዱ።

የጌርኖት አንገት ከጀርባ ሲቀላ አየሁ። እነሱን አንድም ቃል አልመለሰላቸውም። ሦስተኛውን ቆዳ ግንዱ ላይ ወረወረ። ትልቅ ወንድ አጋዘን ነበር፤ ፖልዲ ለዓመቱ ምርጥ ሱሪ ያስቀመጠው። ጌርኖት አሁን የሚሠራው እንደ ቅድሙ አልነበረም፤ መፋቂያውን ጎኑ ላይ፣ ቆዳው በሚሳሳበት ቦታ፣ ይወጋው ጀመር።

«ቀስ!» አለ ፖልዲ።

ራሲም ከወንበሩ ተነሣ። ጌርኖት አየው፤ ንዴቱን የሚወጣበት ሰው አገኘ። አንድ እጁን መፋቂያው ላይ ትቶ በሌላው ከኪሱ ስልኩን አወጣና ወደ ወንድሜ አነጣጠረው።

«ና፣ አሳየኝ እንጂ ጌታው! እኔ የማልረባ ነኝ፤ ባለሙያው አንተ ነህ። ና ያዝልኝ! አንድ ጊዜ ብቻ!»

ራሲም ጀርመንኛ አያውቅም፤ ግን መተርጎም አላስፈለገም። ዓይኑ ስልኩ ላይ አልነበረም። ዓይኑ ስለቱ ሥር የተወጠረው ቆዳ ላይ ነበር። አንድ እርምጃ ሄደ። እጆቹ ተዘርግተዋል።

«ራሲም፣ ተቀመጥ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ከድልድዩ ሥር ተመትቶ ተመለሰ። «ለልጆችህ ስትል ተቀመጥ!»

ቆመ። ወደ ኋላው ሄደ። ተቀመጠና ሁለት እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ከተታቸው፤ በገዛ ክብደቱ ተጭኖ ያዛቸው። ጌርኖት ስልኩን ሳያወርድ በአንድ እጁ መፋቂያውን ገፋ። ቆዳው ከጎኑ እስከ ጀርባው ተተረተረ። ራሲም ዓይኑን ጨፈነ።

ጌርኖት ሽርጡን ፈትቶ ገንዳው ጠርዝ ላይ ጣለው። «በቃኝ። ጻፍልኝ ፖልዲ።»

ፖልዲ ቆዳውን ከግንዱ አነሣና ወደ ብርሃኑ አዞረው፤ እጁን በቀዳዳው አሳልፎ የገዛ ጣቶቹን ከወዲያ ማዶ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ቅጹን ዘረጋ።

«እንደተለመደው ነው አይደል?» አለ ጌርኖት።

ፖልዲ የብዕሩን ክዳን አወለቀ።

«ፖልዲ» አለ ጌርኖት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ። «ይሄ ቤት እኮ እንጨት ነው። ያንን መኪና የምነዳው ደግሞ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ፖልዲ። «መንዳት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

ጻፈ። ከሁለት ቃል በላይ ነበር፤ ብዕሩ ሲመላለስ አየሁ። አጠፈ፣ ፖስታ ውስጥ ከተተ፣ በምላሱ አርሶ አሸገ። ጌርኖት ትከሻውን መታ መታ አድርጎት፣ እኔን ጠቀስ አድርጎኝ ወጣ።

«ምን ጻፍክ?» አልኩ።

«የቢሮው ደብዳቤ ነው። ያንቺ አይደለም።»

«ፖልዲ፣ ምን ጻፍክ?»

«አንቺ በቃሽ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ በሃያ ሰባት ዓመት የመጀመሪያው ነበር። «አንቺም በቃሽ፣ እሱም በቃው! ከግቢዬ ውጡልኝ!»

ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። እንደተለመደው ጽፎለታል ብዬ አመንኩ፤ በሄድኩበት ሁሉ ስረግመው ሰነበትኩ። በሰማንያ ስምንተኛው ቀን ራሲምን አውቶቡስ ላይ አሳፈርኩት። ቦርሳው ውስጥ አባታችን የተወለት መፋቂያ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ ከጨርቁ አልተፈታም።

«ብይዘው ኖሮ ያ ቆዳ ይተርፍ ነበር» አለኝ በመስኮቱ። የሚቆጨው ያ ብቻ ነበር።

እሱ ከሄደ በአምስተኛው ሳምንት ከቢሮው ተጠራሁ፤ የራሲም ወኪል እኔ ነበርኩ። መዝገቡን የያዘችው ሴት በእኔ የተሰላቸች ናት፤ ፋይሉን በጠረጴዛው ላይ ገፋችልኝና «ተፈቅዷል» አለች። ጌርኖት የተመለሰበትን ቅጽ ገልጬ አነበብኩ። የፖልዲ ጠማማ ጽሕፈት ነው።

«ለሥራው ብቁ አይደለም። ብቁ መሆንም አይፈልግም። ሁለት ቆዳ በደንብ ፍቋል፤ ስለዚህ ይችላል። ሦስተኛውን ሆን ብሎ ቀደደው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ማንም ሳያባርረው በገዛ እግሩ ወጣ።»

አላመሰገንኩትም፤ አሁንም አላመሰግነውም። ስለ ወንድሜ ስለምነው ብዕሩን አላነሣም፤ ስለ ፍትሕ ሳወራ ብዕሩን አላነሣም። ያነሣው ስለ አንድ የአጋዘን ቆዳ ነው። ከየትም ይምጣ፣ እውነቱን ጽፏልና ወስጄዋለሁ።

የጌርኖት ድጎማ ስድስት ሳምንት ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ለፖልዲ ዛፉ ሥር ወንበር አልሳበለትም። የመሥራቾች ቀን በመጣ ጊዜ የእሳት አደጋ ጓዶቹ በሰልፍ ድልድዩን ሲያልፉ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ፤ እነዚያን ሱሪዎች ለብሰው። ፖልዲ በር ላይ ቆሞ አይቷቸው ገባ። የማለዳ ሳሉም ባሰበት።

ራሲም በጥቅምት ተመለሰ። የሥራ ፈቃድ ካርዱ ለሁለት ዓመት ነው፤ ጀርባውን ሳነብ ግን ደስታዬ ከአፌ ላይ ደረቀ። የሚሠራው ለፖልዲ ብቻ ነው፤ በስሙ፣ በአድራሻው። ፖልዲ ከዘጋ ወይም ከሞተ ካርዱም ያበቃል፤ ሁሉም ከቢሮው መዝገብ፣ ከሦስቱ እጩዎች ይጀምራል። ውሸታም ብዬ የሰደብኩትን ሽማግሌ አሁን በየሁለት ቀኑ የዶሮ ሾርባ የማመላልስለት እኔ ነኝ። ትኩስ ሆኖ ካላገኘው ይመልስልኛል። አንዳንድ ጊዜ ሆን ብሎ ይመስለኛል።

አንድ የኅዳር ማለዳ የተጠቀለለ እርጥብ የአጋዘን ቆዳ በአጥሩ ላይ ተወርውሮ ግቢው ውስጥ ወደቀ። ወጥቼ ሳይ ጌርኖት መኪናው ውስጥ ገብቶ ሲሄድ ደረስኩ። አደን ደርሶለታል፤ በወረዳው ሌላ ቆዳ አልፊ የለም፤ ሰላም ማለት ደግሞ አይችልም።

«መልሼ እወረውረዋለሁ!» አልኩ።

ራሲም ጥቅልሉን ፈትቶ የቆዳውን አንገት ዳሰሰ። «ጨው አንሶታል» አለ። «ነገ ይበላሽ ነበር።»

«ይበላሽ!»

«ቆዳው ምን አደረገኝ?»

የደንበኛ ስም የሚጻፍበት የወረቀት ቁራጭ በየቆዳው እግር ላይ በሲባጎ ይታሰራል። ብዕር አንሥቼ ስሙን ጻፍኩ፤ ከሥሩ ደግሞ «ለሥራው ብቁ አይደለም» ብዬ ጨመርኩ። ራሲም ቃሉን ማንበብ አይችልም። አሰረው።

ጌርኖት በየካቲት መጨረሻ ሊወስድ መጣ። ራሲም ከገመዱ አውርዶ ሰጠው፤ እንደ ቅቤ የለሰለሰ፣ ቢጫ ሆኖ የወጣ። ጌርኖት አገላብጦ እንከን ፈለገ፤ አላገኘም። ወረቀቷን ግን አገኘ።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

ሲባጎውን በጠሰው፤ ወረቀቷን አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ አስገባት። «ይሄን ርእሰ መምህሩ ያየዋል። የልጆቻችን መምህርት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ይወቅ።»

ብዕሬን ዘረጋሁለት። «አምጣት፤ ፊርማ ልጨምርበት።»

ቆዳውን ብብቱ ሥር ይዞ ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ። ወረቀቷ አሁንም እሱ ዘንድ ናት፤ ሲፈልግ ያምጣት። ራሲም ቀጣዩን ቆዳ ግንዱ ላይ ነጥፎ መፋቂያውን አነሣ።

በዚያው ቅጽበት ከውስጠኛው ክፍል ፖልዲ ሳለ፤ ረዥም፣ ከሥር የሚቆፍር ሳል። ራሲም መፋቂያውን በአየር ላይ አቆመው። እኔም ቀጥ አልኩ። ሁለታችንም እስኪያባራለት ድረስ ትንፋሻችንን ይዘን አዳመጥን።